«ለእኛ የተረፈን ድካሟ ነው»

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ከጥቂት ቀናት በፊት ነው። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፤ ቃሉ ግን የጸሐፊዋ ነው።

«የተወለድኩት በ1986 ዓ.ም. ካዛንቺስ ነው። እናቴ በአንድ ሆቴል ልብስ አጣቢ ነበረች። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ እኔ ገና ክርስትና አልተነሣሁም ነበር። እዚያው ሠፈራችን፣ በግቢያቸው ውስጥ የሠራተኛ ልጆችን ለሚጠብቁ ሴት አስረክባኝ ሥራዋ ገባች። ሁላችንም እማማ እንላቸው ነበር። ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እሳቸው ራሳቸው ማንበብ በለመዱበት የፊደል ገበታ ፊደል አስቆጠሩኝ። የራሴንም ልጅ ሠፈሩ እስኪነሣ ድረስ ጠብቀውልኛል።

እማማ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ቤተሰቡ ገላን ጉራ ከገባ ወዲህ የእድሩ ጥሩምባ እኔ ወዳለሁበት አይደርስም፤ የሰማሁት ቀብሩ ሊፈጸም ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው። ከመሥሪያ ቤት ለመውጣት ‹አያቴ ሞቱ› ብዬ ዋሸሁ፤ እስካሁን ይከነክነኛል። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ‹የአምስት ልጆች እናት፣ የዐሥራ አንድ የልጅ ልጆች አያት› ተባለ። በዚያ ግቢ ስላደግነው ልጆች አንድም ቃል አልነበረበትም። በሰባተኛው ቀን ለትልቋ ልጃቸው፣ ለእትዬ፣ ‹በአርባቸው ዕለት የግቢው ልጆች ተሰብስበን ስለ እሳቸው ጽሑፍ እናንብብ፤ የፊደል ገበታውንም ለማስታወሻ ብትሰጡኝ› አልኳቸው። እትዬ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ ‹እናንተ ቀን ቀን ወስዳችኋታል፤ ለእኛ የተረፈን ማታ ድካሟ ነው። አሁን ደግሞ አርባዋን ልትወስዱ ነው?› አሉኝ። መልስ ሳልሰጥ ወጥቼ ሄድኩ።

መብት የለኝም ማለት ነው? ማልቀስስ እችላለሁ? ለአራት ዓመቱ ልጄስ ምን ልበለው? ‹እማማ ዐረፉ› ስለው፣ ‹ዕረፍታቸው መቼ ያልቃል?› ይለኛል።

የግቢው ልጅ»

እኅቴ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የእማማንም ነፍስ ይማር። ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የምልሽ፣ በዚያ ሁሉ ቀን ይህን ቃል ለአንቺ ያለሽ ሰው እንዳልነበረ ከደብዳቤሽ ስለገባኝ ነው። ድንኳን ውስጥ የሚጽናናው ፊት ለፊት የተቀመጠው ሐዘንተኛ ነው። አንቺ ከለቅሶ ደራሾቹ ጋር ተቀምጠሽ፣ ንፍሮ ዘግነሽ፣ አንገትሽን ደፍተሽ ወጥተሻል።

ማልቀስ እችላለሁ ወይ ትያለሽ። እስቲ ቀኖቹን አብረን እንቁጠር። አንቺ ስትወለጂ ይሠራበት የነበረው የ1985ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42፣ ለወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 60 ቀን ፈቃድ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ከወሊድ በኋላ ያለው 90 ቀን ሆኗል፤ ለእናትሽ ግን አልደረሰላትም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ደግሞ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። በ60 እና በ80 መካከል ያሉትን 20 ቀናት የት ነበርሽ? እማማ እቅፍ ውስጥ ነበርሽ። የክርስትና ስም እንኳ ሳይወጣልሽ እሳቸው በሆነ ስም ይጠሩሽ ነበር። አንገትሽ ሳይጸና ደግፈው ያጠቡሽ እጆች አሁን አፈር ገብተዋል። አልቅሺ እንጂ! ማንንም ሳታስፈቅጂ፣ ጮክ ብለሽ አልቅሺ።

ስለ ውሸቱ ብዙ አልናገርም። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሐዘን ሦስት የሥራ ቀናት ከነክፍያው የሚፈቅደው ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅና ለተወላጅ፣ እንዲሁም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ለሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ነው። ሕጉ የሚቆጥረው ደምና ጋብቻን ነው፤ አንቺ የዋሸሽው በዚያ ቆጠራ ውስጥ ቦታ ስላጣሽ ነው። ቢሆንም ያው አዋጅ ልዩና ከባድ ሁኔታ ላጋጠመው ሠራተኛ እስከ አምስት ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ፈቃድ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። ለሚቀጥለው ጊዜ ወደ አለቃሽ ገብተሽ «ያሳደጉኝ ሴት ሞተዋል» በይ። እማማ የሚገባቸው ስም እሱ ነው፤ በሌላ ስም መጠራት የለባቸውም።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ፤ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ የእሳቸው ንግግር ነውና።

እኔም የእንዲህ ዓይነት እናት ልጅ ነኝ። እናቴ አራት ኪሎ አካባቢ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። የሞተች ዕለት ተማሪዎቿ ከእኛ ይልቅ ጮኸው አለቀሱ። አንዱ፣ በዚያን ጊዜ ትልቅ ሰው የሆነ፣ ሣጥኑን ይዞ «እናቴ!» ሲል ሰማሁትና በሐዘኔ መካከል ንዴት ውስጤን አቃጠለው። «የማን እናት?» አልኩ በልቤ። እናቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሯን በሙቅ ውኃ ነክራ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ «እባካችሁ ለትንሽ ጊዜ አታናግሩኝ» የምትል ሴት ነበረች። ለተማሪዎቿ ያልጎደለ ትዕግሥት ቤት ሲደርስ ያልቅ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ለሟች እናት እንዲህ ይባላልን? ከሁለት ወር በኋላ አንዲት የቀድሞ ተማሪዋ ቤታችን መጣች። ሊያመሰግኑ እንደመጡት ሁሉ ታመሰግናለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ቤት ውስጥ እንዴት ነበሩ? እኛ እኮ አናውቅም» አለችኝ። ሦስት ሰዓት አወራሁላት። እናቴን ያለቀስኳት ያን ቀን ነው።

እትዬ ያሉሽን አንቺ «ሂጂ» ብለሽ ሰማሽው። እኔ የሰማሁት እናቷን ስትናፍቅ የኖረች የአንዲት ልጅ አቤቱታ ነው። የመጀመሪያዋ እናት ልጇን ይዛ በሩን የምታንኳኳው ገና ሳይነጋ ነው፤ የመጨረሻዋ የምትመጣው ከመሸ። በእነዚያ ሰዓታት ውኃ የሚቀዳው፣ የልጆቹን ጨርቅ የሚያጥበው፣ አጥሚቱን የሚያማስለው ማን ይመስልሻል? የቤቱ ትልቅ ሴት ልጅ ናት። ከዚያ ማታ እናቷ አጠገብ ስትቀመጥ እናቷ ተቀምጠው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ልጅ ለዚህ ማንን ይከሳል? እናቱን አይችልም፤ ልጆች በመጠበቅ በምታገኘው ገንዘብ እህል ይሸመታል። እነዚያን ሕጻናትም አይችልም፤ አንቺ ምን አደረግሽ? ስለዚህ ዝም ብሎ ይኖራል። ለሃምሳ ዓመት ያህል ታፍኖ የኖረ ቃል ወጣ፤ የወጣውም በአንቺ ላይ ሆነ።

ደግሞ የዚያ ቤት ትልቅ ሰው እማማ ነበሩ። በዓሉ የሚከበረው እሳቸው ዘንድ፣ የተጣላው የሚታረቀው እሳቸው ፊት፣ ምጥ የያዛት የልጅ ልጅ ስልክ የምትደውለው ለእሳቸው ነበር። እትዬ በአንድ ሌሊት በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ድንኳኑን፣ ንፍሮውን፣ ካህናቱን፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ ያስተናገዱት እሳቸው ናቸው። አንቺ ወጥተሽ ማልቀስ ትችያለሽ፤ እሳቸው ግን ለማልቀስ ጊዜ ማግኘታቸውን እጠራጠራለሁ።

በሕይወት ታሪኩም አትቀየሚ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚጻፈው በዚያች አንዲት ሌሊት፣ ድንኳን እየተተከለ፣ ምናልባትም ጽሑፍ ያምርለታል በተባለ የልጅ ልጅ እጅ ነው። የትውልድ ዘመን፣ የትውልድ ቦታ፣ ጋብቻ፣ የልጆች ቁጥር፤ መስመሩ የታወቀ ነው። ጸሐፊው ምናልባት ከእናንተ ጋር በዚያ ግቢ ሲሯሯጥ ያደገ ነው፤ እናንተን መጻፍ እንደሚቻል አልታየውም እንጂ አልረሳችሁም።

የፊደል ገበታውን ነገር ሳነብ ግን ቆም አልኩ። እትዬ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሴት እንደሆኑ በደብዳቤሽ ጠቅሰሻል። ዘመቻው በተጀመረበት በ1971 ዓ.ም. እንግዲህ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ ማለት ነው። እናታቸው ያንን ገበታ ይዘው ከሀ እስከ ፐ ሲንተባተቡ አጠገባቸው ማን ነበር? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊደል ትለያለች። ምናልባት ማታ ማታ ኩራዝ ይዛ እናቷን ያስጠናችው እሷ ናት፤ ምናልባት እማማ የእነዚያ 231 ፊደላት ስም ሲጠፋባቸው ዘወር ብለው የጠየቁት ልጃቸውን ነው። እንዲህ ሆኗል ብዬ አልምልም፤ መጠየቅ ያለብሽ ግን ይህንን ነው። ገበታው የአንቺ ማስታወሻ ከመሆኑ በፊት ቢያንስ ዐሥራ አምስት ዓመት የሌላ ሰው ማስታወሻ ነበር። ስለዚህ ገበታውን ዳግመኛ አትጠይቂ። አንድ ቀን ከፈቀዱ ፎቶግራፍ አንሺው፤ ግድግዳው ላይ ያለው እዚያው ይኑር።

አርባውንም ተዪላቸው። ይህን ስልሽ ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ። ግን የአርባው ዕለት እትዬ በፍትሐቱና በድግሱ፣ በዘመዱና በካህናቱ መካከል ይባክናሉ። በዚያ ላይ ሌሎች ቆመው እናታቸውን «እናታችን» እያሉ ሲያወድሱ መስማት ለእሳቸው ከባድ ነው። ተዝካር የሚለው ቃል «ዘከረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ነው፤ አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ነው። የማስታወሻውም ቀን አንድ ብቻ አይደለም፤ ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያለ ይሄዳል። ለግቢው ልጆች ሰማንያው ይሁንላችሁ። አንቺ በሰማንያ ቀንሽ ክርስትና ስትነሺ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ቆመው እንደነበር ጽፈሽልኛል። የእሳቸውን ሰማንያ አንቺ ብትቆሚላቸው ማን ይከፋል? ግን እሱንም ቢሆን እትዬን አስፈቅደሽ ነው። «አይሆንም» ካሉ ሙት ዓመቱን ትጠብቂያለሽ።

ሰማንያው ሌላም ጥቅም አለው፤ ሰው መፈለጊያ ጊዜ ይሰጥሻል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲነሣ ከፊሉ አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ጉራ ገባ፤ ከፊሉ ቀድሞም ተበትኖ ነበር። ያ ሠፈር አሁን ሳይፈርስ ተሰብስቦ የሚገኘው በእድሩ ጸሐፊ መዝገብ ውስጥ ነው። ሂጂና ጸሐፊውን አነጋግሪ። የልጆቹን ባይሆን የወላጆቻቸውን ስልክ ታገኛለሽ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሄጃለሽ።

ያገኘሻቸውን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፤ እማማ ያደረጉትን አንድ ነገር። «ደግ ነበሩ»፣ «እንደ እናት ነበሩ» የሚለውን አትቀበዪ። ደግነታቸው በምን ይታይ ነበር? አንቺ ራስሽ ከዚህ ውብ የሆነ ነገር ጽፈሽልኛል፤ ከደብዳቤሽ ቆርጬ ለዚህ ያቆየሁት አንቀጽ ነው፦

«እናታቸው ያመሸችባቸውን ልጆች ጀርባችንን ለበሩ ሰጥተን እንድንቀመጥ ያደርጉንና ‹እንቆቅልሽ› ይሉናል። ‹ምን አውቅልሽ› እንላለን። መልሱ ሲጠፋን ‹አገር ስጪኝ› ይላሉ። ሌሎቹ ጎንደርን፣ ሐረርን ይሰጣሉ። እኔ ከካዛንቺስ ሌላ አገር ስለማላውቅ ሁልጊዜ የምሰጣቸው ካዛንቺስን ነበር።»

ጀርባችንን ለበሩ ሰጥተን! እኅቴ፣ ይህች ሴት በሩን ትክ ብሎ የሚያይ ልጅ ምን እንደሚሰማው ያውቁ ነበር። እናቱ ስትቀር በሩ ለልጅ ምን ያህል ትልቅ እንደሚሆን ዐይተዋል፤ ስለዚህ በሩን ከዐይናችሁ አራቁት። የሕጻናት ጠባቂ ሙያ ይህ ነው፤ ማንም ደመወዝ ጭማሪ አልሰጣቸውም፤ ማንም ሰርተፍኬት አልሰጣቸውም። ይህን ጻፊ። ሌላው ስለ ጫማው ይጽፋል፤ ሌላው ትኩሳት ይዞት ስለዋለበት ቀን ይጽፋል። በእጅ የተጻፈ ይሁን፤ እያንዳንዱ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ።

የደብተሩን የመጀመሪያ ገጾች ግን ባዶ ተዪአቸው። እነሱ የእትዬ ናቸው። ማታ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ስለነበሩት እማማ የሚያውቁት እሳቸውና ወንድም እኅቶቻቸው ብቻ ናቸው። ምን ይበሉ ነበር? በምን ይቆጡ ነበር? ድካማቸው ምን ይመስል ነበር? እትዬ መጻፍ ካልፈለጉ ገጹ ባዶ ይቀመጥ፤ ሞልታችሁ አትስጧቸው። ደብተሩም ሲያልቅ የሚቀመጠው እሳቸው ቤት ነው።

ልጅሽን በተመለከተ ጥያቄው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መልሱ ነው። እኛ «ዐረፉ» የምንለው ሞትን በስሙ መጥራት ስለሚከብደን ነው። እሱ ግን በመዋዕለ ሕጻናት የዕረፍት ሰዓት አለው፤ ዕረፍት ደወል ሲደወል ያልቃል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ሞትን ሄዶ እንደመመለስ ነው የሚያስቡት። «ተኝተዋል» ብትዪው ደግሞ መተኛት ሊፈራ ይችላል፤ «ሩቅ አገር ሄደዋል» ብትዪው ሳይሰናበቱኝ ሄዱ ብሎ ይቀየማል። ስለዚህ አስቀምጪውና፣ «እማማ ሞቱ። በጣም አርጅተው ነበር፤ ሰውነታቸው መሥራት አቆመ። አሁን አይርባቸውም፣ አይበርዳቸውም፣ አያማቸውም። ተመልሰው አይመጡም። እኔም በጣም ናፍቀውኛል» በዪው። ነፍሳቸው እግዚአብሔር ዘንድ ናት የሚለውን ከዚህ በኋላ ጨምሪለት፤ በዚህ ፋንታ ግን አይሁን። ነገ እንደገና ይጠይቅሻል፤ ከነገ ወዲያም። በዚያው ቃል መልሺለት። አንቺ ስታለቅሺ ቢያይሽም አይጎዳውም፤ ለምን እንደምታለቅሺ ካወቀ ይበቃዋል። ወደ ሰማንያውም ይዘሽው ሂጂ፤ እሱም የግቢው ልጅ ነው፤ ምናልባትም የመጨረሻው።

የቀረው እትዬ ጋር እንዴት እንደምትመለሺ ነው። ሽማግሌ አትላኪ፤ ጠብ የለማ። ይቅርታ ጠይቂ፤ ግን ረጅም ንግግር አታዘጋጂ። የአርባው ቀን ቅርብ ነው። ጠላው ይጠመቃል፣ ሽንኩርት በጆንያ ይመጣል፤ በዚያ አዲስ ሠፈር ደግሞ እንደ ካዛንቺስ ሳይጠራ የሚመጣ ጎረቤት ገና አልበዛም። ድግሱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ሄደሽ እጅሽን ታጥበሽ ከእሳቸው ጎን ተቀመጪ። ምንም አትጠይቂ፤ ስለ ጽሑፍም አታንሺ። ሽንኩርት ሲላጥ ሁሉም ሰው ያለቅሳል፣ ማንም ለምን አለቀስሽ አይባልም። እኩለ ቀን ገደማ፣ ሥራው ጋብ ሲል፣ «እትዬ፣ ማታ ማታ እማማ እንዴት ነበሩ?» በያቸው። ከዚያ አድምጪ።

ቢላዋሽን ከቤትሽ ይዘሽ ሂጂ፤ በድግስ ቤት ቢላዋ አይበቃም።